ባቅላባ ለጓደኛ ሲሸጥ

«ውለታ» የሚለውን ቃል ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። አንድ ሰው መልካም ነገር ሲያደርግልን «ውለታ ዋለልኝ» እንላለን። ውለታ ደስ ይላል፤ ግን ይከብዳል፤ መመለስ አለበት። እናቴ የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም። ሌላ ነገር ቢጠፋ እፍኝ ቆሎ ወይም ሁለት ሎሚ ታደርግበታለች። ይህ ልማድ ከአዲስ አበባ እስከ ዳላስ ተከትሎኝ መጣና ባቅላባ ሻጭ አደረገኝ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ከአገሬ የወጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነበር፤ እዚሁ ቀረሁ። ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌት ከሚወዱ ሰዎች ጋር ዋይት ሮክ ሐይቅን እዞራለሁ። ዙሪያው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ጊዜ እንዞረዋለን፤ ጉልበት ከተረፈን ሦስት ጊዜ። ግማሾቻችን ሐበሾች ነን፣ ሌሎቹ ከየአገሩ ናቸው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሁሉም ሰው ጣፋጭ ያምረዋል። እኔም ዓርብ ማታ የሠራሁትን ባቅላባ ይዤ መሄድ ጀመርኩ፤ በነጻ።

ብዙም ሳይቆይ ውለታ መመለስ ተጀመረ። አንዱ ቡና ቆልቶ አመጣልኝ። አንዷ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ሌላው የብስክሌቴን ፍሬን አስተካከለልኝ። ይህ ሁሉ ጥሩ ነበር። ምንም ያላመጡት ግን ባቅላባውን መውሰድ ተዉ። «ጠግቤአለሁ» ይላሉ። 30 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድቶ የጠገበ ሰው አይቼ አላውቅም! በመጨረሻ በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ሰው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ «ስማ፣ ዋጋ አውጣለትና በነጻነት እንብላ» አሉኝ።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ጓደኛህ የበላውን ታስከፍላለህ?» አለች። ለእሷ ምግብ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ለወዳጅ መሸጥ ነው። እኔ ግን ጋሼ ትክክል ይመስሉኛል። ዋጋ ሲኖር ሰው 10 ዶላሩን ይከፍላል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ምንም የሚያስብበት ነገር አይኖርም። እናቴ ትንሽ አስባ «ምርቃትስ ትጨምራለህ?» ብላ ጠየቀች። ምርቃት ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ሽማግሌዎች ሲመርቁን የምንሰማው ነው። ሌላው ገበያ ውስጥ ሻጩ ከተገዛው በላይ ጣል የሚያደርገው ነው። «እጨምራለሁ» ስላት ተረጋጋች።

ባቅላባ ራሱ የስጦታ ታሪክ አለው። በኦቶማን ዘመን ኢስታንቡል ውስጥ፣ ረመዳን በገባ በ15ኛው ቀን ሱልጣኑ ለጃኒሳሪ ወታደሮቹ ባቅላባ ያድል ነበር፤ ለ10 ወታደር አንድ ትሪ። ትሪዎቹና የተሸፈኑበት ጨርቅ በማግሥቱ ወደ ቤተ መንግሥት ይመለሳሉ። ባዶዋቸውን ይመስለኛል፤ ለሱልጣን ማን ቆሎ ያደርጋል?

የእኔው አዲስ አበባ ሳለሁ የማውቀው ዓይነት፣ በኦቾሎኒ የሚሠራው ነው። ፊሎ የሚባለውን እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ በቅቤ እየቀባሁ እደራርባለሁ። ቅቤው ይነጠራል እንጂ ኮሰረትና ኮረሪማ አይገባበትም፤ ያ ለወጥ ነው። ከምድጃ እንደወጣ፣ በትኩሱ፣ የቀዘቀዘ የማርና የስኳር ሽሮፕ አፈስበታለሁ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ሊጡ ይላቁጣል።

ዋጋውን እንደ መሐንዲስ አሰላሁት። አንድ ትሪ 36 ቁራጭ ይወጣዋል። ለዕቃው 24 ዶላር፣ ለሳጥንና ለወረቀት 4 ዶላር አወጣለሁ። 6 ቁራጭ የያዘ ሳጥን በ10 ዶላር ስሸጥ 60 ዶላር አገኛለሁ፤ 32 ዶላር ይተርፈኛል። ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅ በሰዓት 13 ዶላር አይሞላም። ከቴክሳስ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ ከ7.25 ዶላር፣ ይበልጣል። ከደመወዜ ጋር ባላወዳድረው ይሻላል። እስካሁን ዋጋ ቀንስ ያሉኝ ሐበሾቹ ብቻ ናቸው፤ ያም ደስ ይለኛል፤ አገሬን ያስታውሰኛል።

ሕጉስ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ቴክሳስ ውስጥ «ኮቴጅ ፉድ» የሚባል ሕግ አለ። በ2011 ሲወጣ ሰው ቤቱ ውስጥ የጋገረውን ከቤቱ ብቻ እንዲሸጥ ፈቀደ። በ2013 ገበያና ባዛር ላይ መሸጥ ተጨመረ፤ በ2019 ደግሞ በኢንተርኔት። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የዓመት ሽያጩ ጣሪያ ከ50,000 ወደ 150,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ባቅላባ ይቻላል። ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ አይቻልም። ስለ ምግብ ንጽሕና አጭር ትምህርት መውሰድ ግዴታ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያልቃል። ማንም ኩሽናህን አይመረምርም። በዚህ ምክንያት ሕጉ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል፤ ሳጥኑ ላይ ጽሑፍ መለጠፍ። ምግቡ መንግሥት በማይመረምረው መኖሪያ ቤት መሠራቱን፣ በውስጡም አለርጂ የሚያስነሣ ነገር ካለ ምን እንደሆነ መግለጽ አለበት።

እኔም ጻፍኩ፦ ስንዴ፣ ወተት፣ ኦቾሎኒ። ሦስቱም የአሜሪካ ሕግ በዋናነት ከሚዘረዝራቸው 9 ነገሮች ውስጥ ናቸው። ዘጠነኛው ሰሊጥ ሲሆን ከ2023 ጀምሮ የምግብ ፋብሪካዎች በማሸጊያቸው ላይ እንዲጽፉት ተደርጓል።

እዚህ ላይ አንድ የአማርኛ ችግር አለ። ብዙ ሰው ኦቾሎኒን «ለውዝ» ይለዋል። አልመንድንም «ለውዝ» እንላለን። «የለውዝ ቅቤ» ተብሎ የሚሸጠውም ከኦቾሎኒ የተሠራ ነው። ለጨዋታ ምንም አይደለም፤ ለአለርጂ ግን ትልቅ ልዩነት ነው። ኦቾሎኒ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፤ አልመንድ፣ ዋልነትና ፒስታቺዮ ዛፍ ላይ ይበቅላሉ። አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላውን ሊበላ ይችላል። በዚያ ላይ የቱርክ ወይም የግሪክ ባቅላባ የለመደ ሰው ውስጡ ኦቾሎኒ አለ ብሎ አይጠረጥርም።

ባለፈው የጸደይ ወራት አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቻችን አንዷ የ8 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት። ከአገር ቤት የልጅ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት ደግሞ አብረውን ነበሩ። አንድ ሳጥን ገዝተው ከፈቱና፣ እንደ ወጉ፣ ለልጁ ሊያጎርሱት አንዱን ቁራጭ አነሡ። «በሞቴ! አንዲት ብቻ!» የልጁ እናት እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች በምታውቀው አማርኛ «እማማ፣ አይስማማውም» አለቻቸው። እማማ ሳቁ። «ማር የማይስማማው ልጅ አለ እንዴ?» እጃቸው አልተመለሰም። ጽሑፉ ሳጥኑ ላይ ነበር፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ እማማ ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም። ጋሼ ከወዲያ ሆነው «ኦቾሎኒ አለበት! ልጁን ይገድለዋል!» ብለው ጮኹ። እማማ ቁራጩን ጣሉት። እጃቸውን ሦስት ጊዜ ታጠቡ፤ ከዚያ ልጁን አቅፈው አለቀሱ።

እማማ ክፉ አላሰቡም። «በሞቴ» ፍቅር ነው፤ እምቢ ማለት ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። «አይስማማኝም» ደግሞ ለስላሳ ቃል ነው። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰውም እንደዚያ ይላል። እንግዲህ እናንተ አለርጂ ካለባችሁ ለስለስ አታድርጉት። «አለርጂ አለብኝ፤ ጉሮሮዬን ይዘጋዋል» በሉ። ጥያቄውንም ቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ኦቾሎኒ አለበት?» ነውር እንዳይመስላችሁ። ሐበሻ ሁልጊዜ ምግብ ውስጥ ምን እንዳለ ይጠይቃል። ረቡዕና ዓርብ ማዕድ ላይ «የጾም ነው?» ሲባል የሚቀየም ባለቤት አይቼ አላውቅም። እንዲያውም ያልጠየቀ ሰው ይገርመናል። ኦቾሎኒን መጠየቅ ከዚህ በምን ይለያል?

በሁዳዴ እኔም በዘይት የተሠራ የጾም ትሪ አዘጋጃለሁ፤ ያኔ «ወተት» የሚለው ከጽሑፉ ይወጣል፣ ሌላው ይቆያል። የልጁ እናት ኦቾሎኒ የሌለበት እንድሠራላቸው ጠይቃኝ ነበር። አልችልም አልኳት። አንድ ኩሽና፣ አንድ ቢላ፣ አንድ ትሪ ነው ያለኝ፤ ትንሽ ብናኝ ይበቃዋል። ለእሱ ቤታቸው የታጠበ ቴምር ነው የሚይዙለት።

ጽሑፉ አሁን በሁለት ቋንቋ ነው፤ አማርኛው በትልልቅ ፊደል ከላይ ነው የሚቀመጠው። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል እየተማረ ነው። ሳጥኖቹን ከብስክሌቴ ላይ ሳወርድ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣና፣ ሳይነካ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «ኦ፣ ቾ፣ ሎ፣ ኒ» ብሎ ያነብላቸዋል። እማማ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ አጠገቡ ቆመው «ደግመህ አንብብልኝ» አሉት፤ ደገመላቸው።