እምቢተኛው ማን ነው?

«ይኽ ውሻ እልኸኛ ነው» አሉኝ ሸዋ ሮቢት ያሉት አጎቴ፤ ሰንሰለቱን በአንድ እጃቸው፣ ዱላውን በሌላው ይዘው። ውሻው በቆርቆሮ ሣጥኑ በር ላይ አራት እግሩን ተክሎ ቆሟል። ወሩ ግንቦት፣ ሰዓቱ ስምንት ነበር። እጄን ቆርቆሮው ላይ ባሳርፍ ፈጀኝ። ለመሆኑ እልኸኛው ማን ነው?

ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ ሰው ካፖርቱን ያወልቃል፤ ውሻ ፀጉሩን የት ያውልቀው? እንደ እኛ ገላው ሁሉ አያልበውም። ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ነው፤ በጋለ ሣጥን ውስጥ ማለክለኩም አያድነውም።

«ቀን የታሰረ ውሻ ማታ ይከፋል» የሚለውን ፈሊጥ እኛም አዲስ አበቤዎች እናውቀዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ያፈርኩት ዘግይቼ ነው።

ሣጥን አያስፈልግም አላልኩም። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚወሰድ ውሻ ዝግ ቦታ ቢለምድ ይጠቅመዋል። ልምምዱ ግን ከጥላ ይጀምራል። ሣጥኑ የእንጨት ርብራብ ሆኖ ከዛፍ ሥር ይቀመጥ፤ በሩ ክፍት ይሁን፤ ፍርፋሪውና ውሃው ውስጥ ይደረግ። ራሱ ይግባ፣ ራሱ ይውጣ። በሩ የሚዘጋው በፈቃዱ መተኛት ሲጀምር ነው፤ ያውም መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ። አንድ ቀን ለቅጣት ከተዘጋበት የሳምንት ድካም ገደል ገባ።

«ለውሻ ይኽን ያህል?» ብለው አጎቴ ሳቁብኝ። ፍየሎቹን ሌሊት ከጅብ የሚጠብቃቸው ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው ዱላውን አጥሩ ላይ አጋደሙት። ሰንሰለቱን ግን እንደያዙ ነበር።