ሽሮ እየበሉ ፒያሳን ስለ መጎብኘት

አንድ የዚህ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ሽሮ የሚበላበትን ቤት ሌላ ሰው መርቶ እንዲያሳየው ገንዘብ መክፈል ይገባዋልን? ጥያቄው የኔ አይደለም፤ የመኝታ ክፍላችን ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው፣ በዛሬዪቱ አዲስ አበባ እንግዶችን በእግር እያዞሩ፣ ከምግብ ቤት ወደ ቡና ቤት፣ ከቡና ቤት ወደ ጭማቂ ቤት እያስገቡ፣ ሲያቀምሱም ስለ ሰፈሩ እየተረኩ የሚያስጎበኙ ድርጅቶች አሉ። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ «ብቻዬን አልሄድም» ብላ ስለ ከፈለችልኝ፣ እኔም ትምህርት በሌለን አንድ ረቡዕ የፒያሳውን ጉብኝት ዞሬ ተመለስኩ።

ጓደኞቼ ክፉኛ ሳቁብኝ። የግቢውን ማዕድ ትቶ በገንዘቡ የሚመገበው የ«ነን ካፌ» ወገን፣ በዚያ ዋጋ ስንት ቀን ምሳ እንደሚበላ ሲያሰላ አመሸ። ሌላው ደግሞ ነገሩን ከሒሳብ አውጥቶ ወደ ክብር ወሰደው፦ «ያደግህበትን ምግብ እንደ ፈረንጅ ተሰልፈህ መቅመስ ውርደት ነው» አለ። ለመጀመሪያው የምሰጠው መልስ የለኝም፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ለሁለተኛው ግን መልስ አለኝ። ከዚያም ከሁለቱ ተቃውሞ የሚበልጥ የራሴ ተቃውሞ አለኝና፣ ብዕር ያነሣሁት ይልቁንም እርሱን ለማስረዳት ነው።

ምግብን ከገንዘብ ጋር ማገናኘት ነውር ነው የሚለው ስሜት ትናንት የተወለደ አይደለም። ባለፈው ዘመን በአገራችን የሚያልፍ የንጉሥ እንግዳ ምግቡን አይገዛም ነበር። ድርጎ ይታዘዝለታል፤ እንጀራውን፣ ማሩንና በጉን የሚያዋጣውም ባላገሩ ነው። (ባላገሩ ይህን የእንግዳ ክብር በምን ዓይን እንዳየው መገመት አያዳግትም።) እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲከፍቱም፣ እንደሚተረከው፣ መኳንንቱ ለእህል ገንዘብ መክፈልን እንደ ውርደት ስለ ቈጠሩት ገብቶ የሚበላ ሰው ጠፋ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን አስከትለው ገብተው ካስበሏቸው በኋላ ሒሳቡን እንዲከፍሉ አደረጉ ይባላል። ያ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት እንኳ ፒያሳ ላይ ቆሟል፤ ከፍሎ መብላትም ማንንም ማሳፈሩ ቀርቷል። አሁን የሚያሳፍረን ለምግቡ መክፈል ሳይሆን ስለ ምግቡ ለሚነገረው ቃል መክፈል ሆኗል። ለመሆኑ ለቃል መክፈል ይህን ያህል ነውር ከሆነ፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል በምን ይኖራል?

ስለዚህ ጉብኝቱን በበኩሌ አልነቅፈውም። ጥያቄው የተሸጠልን ቃል ምን ዓይነት ነው? የተሸጠውስ የማን ነው? የሚለው ነው።

ጉዞው የተነሣው ከአራዳ ጊዮርጊስ ነበር። ስምንት ነበርን፤ ከአክስቴ ልጅና ከኔ በቀር ሌሎቹ ፈረንጆች ናቸው። አስጎብኚያችን ትሑት፣ ቀልደኛ፣ እንግሊዝኛው የተቃና ወጣት ሲሆን በዕድሜ ከኛ ብዙ አይበልጥም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1953 ጀምሮ በኖረው በቶሞካ፣ እንደ ቤቱ ደንብ ከረዣዥሞቹ ጠረጴዛዎች አጠገብ ቆመን ቡና ጠጣን። በጭማቂ ቤቱ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተደራርቦ የሚቀዳው ስፕሪስ ለፈረንጆቹ ተአምር ሆነባቸው፤ ከጠጡት ይልቅ ፎቶግራፉን ያነሡት ይበዛል። ሳምቡሳም ቀመስን። በመጨረሻ፣ ቀኑ የጾም ቀን ነውና፣ አንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት ገብተን በየዓይነቱ በአንድ ትሪ ቀረበልን። አስጎብኚው ፈረንጆቹን እርስ በርሳቸው ጉርሻ አጎራርሷቸው ስልካቸውን ተቀብሎ ፎቶግራፍ አነሣቸው። ይህን በዚሁ ልለፈው።

የማልለፈው ትረካውን ነው። በቶሞካ ሳለን የቡናው ሥርዓት የሦስት ሺህ ዓመት ቅርስ መሆኑ ተነገረን፤ በትሪው ዙሪያም ንግሥተ ሳባ ይህንኑ ወጥ ትበላ ነበር ተባለ። ፈረንጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ዝም አልኩ፤ የሰው እንጀራ ነውና። አሁን ግን ልናገር። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የወጣ ተክል ነው። ኮሎምቦስ በ1492 (እ.ኤ.አ.) ባሕሩን ከማቋረጡ በፊት በአፍሪካም፣ በአውሮፓም፣ በእስያም በርበሬን የቀመሰ ሰው አልነበረም። ንግሥተ ሳባ የበላችው ወጥ እንግዲህ ቀይ ሊሆን አይችልም። በትሪው ላይ ከጎመኑ ጋር የተቀመጠው ድንችም ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው። ቡናውንም ያየን እንደ ሆነ፣ የፍየል እረኛው ተረት መጀመሪያ በጽሑፍ የሚገኘው በ1671 (እ.ኤ.አ.) ሮማ ላይ በታተመ የላቲን መጽሐፍ ነው፤ እዚያም እረኛው ካልዲ አልተባለም። ቡናው በእርግጥ የደቡብ ምዕራቡ ደናችን ልጅ ነው። ነገር ግን ብዙው የደጋ ክርስቲያን እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው እያለ ይሸሸው ነበር። አያቶቻችን ሲሸሹት የኖሩትን መጠጥ እኛ የሦስት ሺህ ዓመት ቅርሳችን ነው ስንል፣ ቡናውን አፍልተው ሲጠጡ ለኖሩት ለሌሎቹ ወገኖቻችን የሚገባውን ምስጋና መንጠቃችን አይደለምን?

አንዳንዱ «እንግዳ ለማስደሰት የተነገረ ነገር ምን ይጎዳል?» ይለኝ ይሆናል። የሚጎዳው ይኸውና። ሐሰተኛው ዕድሜ እውነተኛውን ታሪክ ከመንገድ ላይ ገፍቶ ይጥለዋል። ማኪያቶ ከኢጣልያኖች የቀረልን መሆኑ ተነገረን፤ ፒያሳ የሚለው ስምም እንደዚሁ። መልካም። ዳሩ ግን ከተነሣንበት ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ታላቁ የአራዳ ገበያ እንደ ነበረ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የያዙት ኢጣልያኖችም ከተማውን በቆዳ ቀለም ለመክፈል ባወጡት ፕላን ገበያውን ነቅለው የአገሬው ሰው ገበያ ብለው ወደ ምዕራብ እንደ ወሰዱትና ዛሬ መርካቶ የምንለው ከዚያ እንደ ተነሣ አልተነገረንም። የማኪያቶውን ቡና ቤት እዚህ፣ የበርበሬውን በረንዳ እዚያ ያደረገ አንድ ፕላን ነው። በስኒው ጣፋጩ ብቻ ከተነገረ፣ ጎብኚው የጠጣው ግማሹን ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን በኋላ ስነግራት «ታዲያ ለምን እዚያው አልነገርከኝም?» ብላ ተቈጣችኝ።

የጉብኝቱን እውነተኛ ዋጋ ያገኘሁት ማንም ባላሰበበት ቦታ፣ በምግብ ቤቷ የማድ ቤት በር ላይ ነበር። የአክስቴ ልጅ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ትሰናከላለች። እንጀራው ለምን እንደሚኮመጥጥ አስጎብኚውን ጠየቀችው። እርሱም «እርሾ ስላለው ነው» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ሊያልፍ ሲል፣ ባለ ቤቲቱ ከውስጥ ሰምተው ብቅ አሉ። «ሦስት ቀን ነው የኔ ልጅ፤ በክረምት ግን አራተኛውን ይነካል። ብርድ ሊጡን ያስተኛዋል» አሉ። ከዚያ በኋላ የማያቋርጥ ትምህርት ሆነ። ላዩ ላይ የሚቀረው ውሃ እንዴት እንደሚቀነስ፤ ከሊጡ ጥቂቱ ተወስዶ በፈላ ውሃ ተገንፍቶ አብሲት እንደሚሆን፤ አብሲቱ ተመልሶ ሲገባና ሊጡ ኩፍ ሲል ጠብቀው ካልጋገሩት ዓይን እንደማያወጣ፤ ምጣዱም በጎመን ዘር ካልታሰሰ እንጀራው እንደሚይዝ ነገሩን። ፈረንጆቹ ጠጋ ጠጋ አሉ፤ አስጎብኚውም ተርጓሚ ሆነ። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ንግሥተ ሳባ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሡም።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ ስበላ አብሲት ምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ከናንተ መካከል ወንዶቹ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ባለ ቤቲቱ ከአምስት ጠረጴዛ በማይበልጠው በዚህ ቤት የሚሠሩት ሰፈራቸው ከፈረሰ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ዶሮ ማነቂያ ነበሩ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ዳር መሄዱን ሁላችንም እናውቃለን። አሁን በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ሰፊ መንገድና የተዋበ የእግረኛ መሄጃ ያገኛል። እኔም ማታ ማታ እሄድበታለሁ፤ መልካም መሄጃ ነው። ሆኖም ባለ ቤቲቱ ከመሳቢያቸው አውጥተው ያሳዩኝን አንድ ነገር መዘንጋት አልቻልኩም። ጠርዙ የተላላጠ የዱቤ ደብተር ነው። በየገጹ ስም አለ፤ ከስሙ አጠገብ ሽሮ፣ ፍርፍር፣ ሻይ፣ ከዚያም ብር። አንዳንዱ ተሰርዟል፤ ብዙው አልተሰረዘም። «ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም» አሉኝ፤ «የት እንዳሉ እነርሱም እኔም አናውቅም።»

የሰፈር ምግብ ቤት ማለት ምጣድና ጠረጴዛ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጭነት መኪና ተጭኖ በተሄደበት ይተከል ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሰፈር ምግብ ቤት ማለት ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ የሚበላው ጋራዥ ሠራተኛ፣ ቁርሱን ሳይናገር የሚቀርብለት ሽማግሌ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ እስክትመጣ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ሕፃን፣ ይህ ሁሉ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ሲገኝ ነው። ሰዎቹ በአራት አቅጣጫ ሲበተኑ ደብተሩ ብቻ ይቀራል። ሕንጻ ቅርስ መሆኑ ሲመረመር፣ ጣሪያውና መስኮቱ ይታያል፤ ይህ ደብተር ግን ማንም ቈጥሮት አያውቅም። የከተማ ፕላን የሚያወጡ ሰዎች መንገዱን ሲለኩ ከሜትሩ ጋር ይህንንም ቢለኩ ምን ነበረበት? ነባሩን ምግብ ቤት ከነደንበኛው በአንድ አካባቢ ማስፈር ከመንገዱ ይልቅ ከባድ ሥራ ነው ብዬ አላምንም።

ወደ ጉብኝቱ ልመለስ። እኛ ከከፈልነው ገንዘብ ለባለ ቤቲቱ ምን እንደሚደርሳቸው አስጎብኚውን ለብቻው ጠየቅሁት። እርሱም ሳይሸፋፍን የትሪው ዋጋ ብቻ መሆኑን፣ እርሱ ራሱም በቀን ሒሳብ የሚሠራ ተቀጣሪ መሆኑን ነገረኝ። የትሪው ዋጋ ደግሞ መንገደኛ ሁሉ የሚከፍለው ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ሰዓት ሁሉ የሚበልጠውን ሩብ ሰዓት ያስተማሩት እናት ለትምህርታቸው አንድ ሳንቲም አላገኙም ማለት ነው። እኔን ያስከፋኝ ይህ ነው፤ ጓደኛዬ ካነሣው ውርደት ይልቅ የሚያሳፍረውም ይህ ይመስለኛል። ሳባን የፈጠረው ትረካ ይከፈልበታል፤ አብሲቱን የሚያውቀው አፍ ግን በነፃ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ጉብኝት የሚያዘጋጁ ሰዎች ማድ ቤቱን ከጉዞው ማቆሚያዎች አንዱ ቢያደርጉት፣ ለባለሙያዋም የአስተማሪ ዋጋ ቢከፍሏት፣ ፈረንጁ ይበልጥ ይደሰታል እንጂ አይቀርባቸውም። የኛዎቹ ፈረንጆች ትሪውን ትተው ወዴት እንደ ተጠጉ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኛስ? ከስድስት ኪሎ ፒያሳ ለመድረስ ታክሲ እንኳ አያስፈልግም። በዚህ ግቢ ታሪክ የሚያጠና፣ ቋንቋ የሚያጠና፣ ጂኦግራፊ የሚያጠና ሞልቷል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣሁ እያለ የሚያለቅሰውም አይታጣም። የፒያሳ፣ የሠራተኛ ሰፈር፣ የመርካቶ ባለ ምግብ ቤቶች ግን የሚያውቁትን የጻፈላቸው ሰው እምብዛም የለም። ስለዚህ የኅብረታችን የባህል ክፍል በየወሩ አንድ ጊዜ ዐሥር ዐሥር ሆነን የምንሄድበትን ጉዞ ቢያዘጋጅ ብዬ አሳስባለሁ። መሪ አንቀጥርም፤ እያንዳንዳችን የምሳችንንና ለባለ ቤቲቱ ትምህርት የሚሆነውን እናዋጣለን፤ ከመካከላችን ሁለቱ ይጽፋሉ፤ የተጻፈውም በዚሁ መጽሔት ይወጣል። ጽሑፉ ሲወጣ ደግሞ አንድ ቅጂ ለባለ ቤቲቱ ይድረስ።

የመጀመሪያው ጉዞ ከኔ ጋር ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ስሙን በኅብረቱ ቢሮ በር ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ላይ ይጻፍ። የምንሄደው ቅዳሜ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይሁንልን የምትሉ ሥጋ አምሮን ነበር ብላችሁ መንገድ ላይ እንዳታጉረመርሙ። ዱቤ የለም።