ውድነት ብቻውን ብልጫ አይሆንም

ለረጅም ጉዞ ቢኤምደብሊው አር 1300 ጂኤስ ሞተር ብስክሌትን ያልገዛ ገንዘቡን አባከነ የሚለው በቅርቡ የታተመ አስተያየት ገዢን ያሳስታል። ጸሐፊው የናቀው ሮያል ኢንፊልድ ሂማልያን 450ን ነው። ሁለቱም በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኑ፤ አሜሪካ ገበያ ሲገቡ የጂኤሱ መነሻ ዋጋ ከ18,000 ዶላር ሲያልፍ የሂማልያኑ 6,000 እንኳ አልሞላም።

ጸሐፊው የሚመካበት 145 የፈረስ ጉልበት እውነት ነው። ጠጠርና ጭቃ ላይ ግን የሚፈርደው ክብደት ነው፤ ጂኤሱ 237 ኪሎ፣ ሂማልያኑ 196 ኪሎ ይመዝናል። የወደቀ ሞተር ብቻውን ያነሳ ሰው የ41 ኪሎን ልዩነት በወገቡ ያውቀዋል። ሻንጣ ጭኖ በገጠር መንገድ ለመጓዝ ደግሞ የሂማልያኑ 40 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይበቃል።

ሰው አፈናጦ ቀኑን ሙሉ በአውራ ጎዳና ለሚፈጥን ጂኤሱ ይገባዋል፤ ካቴና መቀባትና ማጥበቅ የማይጠይቀው የዘንግ ማስተላለፊያውም እውነተኛ ብልጫ ነው። ለሌላው ግን የሚተርፈው ከ12,000 ዶላር በላይ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ጥሩ ሄልሜትና የወራት ጉዞ ይሆናል። የት እንደሚነዳ ሳይጠይቁ ሰውን ውዱን ግዛ ማለት ምክር አይባልም።