ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!

ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የያኔው የቨርጂኒያ ገዥ ግሌን ያንግኪንና ቱጃሩ ቴድ ሊዮንሲስ ጎን ለጎን ቆመው «የምሥራች!» አሉ። የዋሽንግተኑ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዊዛርድስና የበረዶ ሆኪው ካፒታልስ ጓዛቸውን ጠቅልለው፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው አሌክሳንድሪያ ሊገቡ ነው ተባለ። ወጪው 2 ቢሊዮን ዶላር!

አሌክሳንድሪያ የሐበሻ መናኸሪያ ከሆነች ቆይታለች። እዚያው ታክሲ ለሚነዳ ወዳጄ ስልክ ደወልኩና «ለአንተማ ሠርግህ ነው፤ ተመልካች ስታመላልስ ልትከብር ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። «መንገዱ ከተዘጋጋ ማንን አመላልሳለሁ? ግብሩንስ የምከፍለው እኔ አይደለሁ?» አለኝ። አፌን አስያዘኝ።

ደግሞስ ምን ዋሸ? የታሰበው እኮ የመንግሥት ተቋም ቦንድ ሸጦ እንዲበደር፣ ዕዳው ደግሞ ከስፍራው በሚሰበሰብ ግብርና ኪራይ እንዲከፈል ነው። ገቢው እንደታሰበው ካልመጣስ? ጣጣው ለግዛቲቱና ለከተማዋ ነዋሪ ነዋ! ትርፉ ለባለሀብቱ፣ ስጋቱ ለሕዝቡ።

ነዋሪው ዝም አላለም። በየደጃፉ የተቃውሞ ጽሑፍ ተከለ፣ ሰልፍ ወጣ፣ በየስብሰባው እየተነሳ ጠየቀ። ኳስ ጠልቶ አይደለም። ድግሱ የሚደገሰው በእሱ ኪስ ሆኖ ሳለ፣ የተነገረው ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው። ወንዙን ማዶ ደግሞ በዋሽንግተኑ ስታዲየም ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎች «ቡድኖቹ ከሄዱ ገበያችን ምን ይውጠዋል?» እያሉ ይጨነቁ ነበር።

የግዛቲቱ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሉዊዝ ሉካስ ግብር ከፋዩ ለባለጠጋ ዋስ አይሆንም ብለው ዕቅዱን ከበጀቱ ውጭ አደረጉት። ንቅንቅ አላሉም። መጋቢት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. አሌክሳንድሪያ ድርድሩ ማብቃቱን አስታወቀች። ያኑ ዕለት ሊዮንሲስ ከዋሽንግተን ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ጋር ብቅ ብለው ቡድኖቹ እስከ እ.ኤ.አ. 2050 ድረስ እዚያው እንደሚቆዩ ተናገሩ።

እልል ከማለታችን በፊት ግን ሂሳቡን እንይ። ዋሽንግተን ቡድኖቹን ለማቆየት 515 ሚሊዮን ዶላር ልታወጣ ተስማምታለች። ስታዲየሙ በ1990 ዓ.ም. ሲከፈት አብዛኛውን የግንባታ ወጪ የቻሉት የያኔው ባለቤት ኤብ ፖሊን ነበሩ። እንግዲህ «ልሄድ ነው» ማለት ብቻውን ስንት እንደሚያወጣ አስሉት! አንዱ ከተማ ኪሱን ሲያድን የጎረቤቱ ኪስ ተፈታ።

ቢሆንም እኔን ያስቀናኝ አንድ ነገር አለ። ገዥው የፈለጉትን፣ ቱጃሩ የጓጉለትን፣ አንዲት የሕዝብ እንደራሴ «አይሆንም» ስትል ቆመ። ወደ እኛ ስንመጣስ? ስንቱ ነዋሪ ነው የሰፈሩን መፍረስ የሰማው አጥሩ ላይ ቀለም ሲቀባ? ከመቀባቱ በፊት የጠየቀውስ፣ «አይሆንም» ያለለትስ ማን ነው? እንደራሴዎቻችን ሆይ! እጅ ማውጣቱን ታውቁበታላችሁ፤ እስቲ አንድ ቀን እጃችሁን ሰብስቡና ሕዝቡን ጠይቁት።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገሬ ሰው። የአሌክሳንድሪያ ሰው አጥሩ ሲነቀነቅ ወጥቶ «አለሁ» አለ።