የጋራ ገንዘብ፣ የጋራ ኪሳራ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወርዶ ባሱንዳ አካባቢ ሰሊጥ የሚያጭድ ወገናችን ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንዴ ዋጋው በሚወርድ የሱዳን ፓውንድ ሲከፈለው፣ ሌላ ጊዜ መተማ ላይ ጥቁር ገበያ ሲመነዝር። ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ «ከሱዳን ጋር አንድ ገንዘብ ቢኖረን ሁሉም ይቀል ነበር» ማለት ግን መድኃኒቱን ከበሽታው ማባስ ነው።

የሐሳቡ ደጋፊዎች ጠገራ ብርን ይጠቅሳሉ። በእርግጥ ይህ የማሪያ ቴሬዛ ብር ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ጎንደርና ሱዳን ድረስ ይሠራ ነበር። ያስከበረው ግን በውስጡ ያለው የብር ማዕድን ነበር፤ ጎንደርም ሆነ ገዳሪፍ ያለ ገዥ እንደፈለገ ሊያበዛው አይችልም ነበር። ወረቀት ኖት የመንግሥት ቃል ነው። ሁለት መንግሥታት አንድ ኖት ሲጋሩ ማን ያትም፣ ስንት ያትም የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሳል።

መልሱን በራሳችን አይተነዋል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች በኋላም እስከ 1990 ዓ.ም. የምትገበያየው በብር ነበር፤ ስለ ብሩ የሚወስነው ግን አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ባንክ ነበር። የራሷ ገንዘብ ናቅፋ ሲወጣ አስመራ ከብር ጋር አንድ ለአንድ ይሁንልኝ፣ ሁለቱም በሁለቱም አገር ይሥሩ አለች። አዲስ አበባ እምቢ አለች፤ የራሷን ኖት ቀየረች፤ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በውጭ ምንዛሪ እንዲሆን አዘዘች። በዚያው ዓመት ግንቦት በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ፈነዳ። ሰበቡ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ መጋራት ግን ሰላምን አልወለደም።

አሁን ደግሞ ከሱዳን ጋር ተጋርተን ቢሆን እናስብ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተነሳው ጦርነት ፓውንዱን ሲያዋርደው የጎንደር ሸማችም አብሮ በደኸየ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪያችን ለገበያ ተለቆ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ሲያልፍ፣ የባሱንዳ ባለሱቅ ባልተማከረበት ውሳኔ በከሰረ ነበር። ሱዳን እንኳ በራሷ ውስጥ አንድ ገንዘብ ማቆየት አቅቷታል፤ በ2017 ዓ.ም. ማዕከላዊ ባንኩ ያወጣውን አዲስ ኖት የመንግሥትን ጦር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በያዛቸው ግዛቶች አልቀበልም ብሏል።

ከኛ የተሻለ የተረጋጉት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮችም በ2006 ዓ.ም. ውል ተፈራርመው በ10 ዓመት ውስጥ አንድ ገንዘብ እናወጣለን ካሉ በኋላ፣ ቀኑን ወደ 2031 እ.ኤ.አ. ገፍተውታል። ከመግቢያ መስፈርቶቻቸው አንዱ የዋጋ ንረት ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ሱዳን በ2021 እ.ኤ.አ. ከ300 በመቶ፣ እኛ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ30 በመቶ አልፈን ነበር። በዚህ ቁመና የጋራ ገንዘብ መመኘት የዕዳ መጋሪያ ውል መለመን ነው።

አጫጁን የሚጠቅመው ነገር ከዚህ ያነሰና የሚቻል ነው፤ መተማና ገላባት ላይ በሕጋዊ መንገድ ፓውንድን በብር የሚመነዝር መስኮት፣ ከአጨዳ በፊት በጽሑፍ የሚታሰር የጉልበት ዋጋ፣ ደመወዝ ሳይከማች በየሳምንቱ የሚከፈልበት ስምምነት። ፖለቲከኛ ስለ ጋራ ገንዘብ ሲያወራን፣ መጀመሪያ ይህን መስኮት ክፈትልን እንበለው።