ዳኛውም ተጋጣሚውም አንድ ሲሆን



ባለፈው ሰሞን እዚህ ደብረ ታቦር ስለ ገበያ ውድድር በማስተምርበት ክፍል አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ አነሣሁ። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች እግር ኳስ (በእጅ የሚጫወቱትን የእነርሱን ማለቴ ነው) እ.ኤ.አ. በ2023 የፍሎሪዳ ስቴት ቡድን 13 ጨዋታ አድርጎ 13ቱንም አሸነፈ፤ የምድቡንም ዋንጫ ወሰደ። ይሁን እንጂ ለመጨረሻው ፍልሚያ የሚያልፉትን አራት ቡድኖች የሚመርጠው ኮሚቴ የቡድኑን ዋና ተጫዋች መጎዳት ከግምት አስገብቶ በሩን ዘጋበት። አንዳንድ ጨዋታ የተሸነፉ ሁለት ቡድኖች ግን አለፉ። ተማሪዎቼ ሳቁ። «ታዲያ መጫወቱ ለምን አስፈለገ?» አለ አንዱ። ሳቁ ሳይበርድ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣና «ዶክተር፣ የእኛስ ሊግ?» ሲል ጠየቀኝ። ይህ ጽሑፍ በዕለቱ አሟልቼ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስቀምጥ። የእግር ኳስ ሊግ እንደ ሌላው ንግድ አይደለም። ጫማ ሠሪ ተፎካካሪው ቢከስርለት ደስ ይለዋል፤ ክለብ ግን ተጋጣሚ ከሌለው ሜዳ አይወጣም። ስለዚህ ክለቦች ተሰብስበው ደንብ ማውጣታቸው በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ደንቡ ለውድድሩ ነው ወይስ ለደንብ አውጪዎቹ ጥቅም የሚለው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 የዩኒቨርሲቲዎቹ ማኅበር የቴሌቪዥን ሥርጭትን በአንድ እጅ መቆጣጠሩ፣ በ2021 ደግሞ ለተጫዋቾች የሚሰጥ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም ላይ ገደብ መጣሉ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ መጣስ ነው ብሎ ፈርዷል። ስፖርት ነኝ ማለት ከሕግ አያስመልጥም ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2012 ዓ.ም. ከፌዴሬሽኑ እጅ ወጥቶ ባለአክሲዮኖቹ ክለቦቹ ራሳቸው ለሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ። ብዙዎቻችን አጨበጨብን፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። የቴሌቪዥን መብቱ ለሱፐር ስፖርት ተሸጠ፤ ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በአፍሪካ ስክሪን ታየ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ደንብ አውጪው፣ ሻጩና ተወዳዳሪው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ገለልተኛ ወንበር ማንም አላዘጋጀም።

ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ዋጋ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ከጉና ተዳፋት ድንቹን ጭኖ ገበያ የሚወርደውን ገበሬ፣ ነጋዴዎች ተማክረው «ከዚህ ዋጋ በላይ አንገዛህም» ቢሉት ምን እንላለን? አድማ እንላለን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ተፎካካሪዎች የመግዣ ወይም የመሸጫ ዋጋን በስምምነት እንዳይወስኑ ይከለክላል። የተጫዋች ጉልበት ከድንች በምን ያንሳል? «ወጪው ከልክ አልፎ ነበር» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጪን መቆጠብ የእያንዳንዱ ክለብ ግዴታ እንጂ የሁሉም ገዢዎች የጋራ ውል ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛ፣ መግቢያ በር። በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ሦስቱ ክለቦች በሌሉበት የ2013 የውድድር ዘመን በ13 ቡድኖች ተካሄደ። ክፍት የቀሩትን ሦስት ቦታዎች ለመሙላት ከሊጉ ግርጌ የነበሩት ሦስቱ ክለቦች ከከፍተኛ ሊጉ ቡድኖች ጋር የማሟያ ውድድር አደረጉ። ውጤቱስ? ሦስቱም ተመለሱ፤ 13ቱም ክለቦች በ2014 የውድድር ዘመን በሊጉ ነበሩ። በሜዳ አሸንፈው ስለተመለሱ ተጫዋቾቹን አልወቅስም፤ ከአሜሪካው ኮሚቴ ምርጫም ይህ ይሻላል። የምጠይቀው ስለ በሩ ነው። ለወራጅ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ ደንብ የወራጆቹ ማኅበርተኞች በተቀመጡበት ቤት ሲወሰን፣ ውጭ የቆመው ቡድን አቤት የሚለው ለማን ነው? ከደቡብ ጎንደር አንድም ክለብ ፕሪሚየር ሊጉን ረግጦ አያውቅም። አንድ ቀን ቢደርስ በሩን የሚያገኘው ተከፍቶ ነው ወይስ ባለቤቶቹ እንደ ፈቀዱለት?

ሦስተኛ፣ ሜዳ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው መካሄድ ጀመሩ። መነሻው ኮሮና ነበር፤ ኮሮናው አለፈ፣ አሠራሩ ግን ቀረ። የአስተናጋጁ ከተማ ክለብ በደጋፊው ፊት ይጫወታል፤ ሌላው ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ነው። በ2016ም ሆነ በ2017 የውድድር ዘመን የአማራ ክልል ከተሞች አላስተናገዱም። ምክንያቱን የምንኖርበት እኛ እናውቀዋለን፤ በተኩስ መካከል ኳስ ይንከባለል የሚል የለም። ቢሆንም ለባሕር ዳር ከተማና ለፋሲል ከነማ የጠፋባቸው ሜዳ በምን ተካካሰ? የጠየቀኝ ተማሪ ድሮ በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ስታዲየም ይገባ ነበር። ሐዋሳ ግን 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«ቡድንህ ስለተሸነፈ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሣው በዚሁ አሠራር በ2013 ዓ.ም. ነው። ያሸነፍንበትንም ሥርዓት ትክክል አይደለም ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ የሚካሄደው በማን ገንዘብ ነው? የ2016ቱ ሻምፒዮን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017ቱ የኢትዮጵያ መድን ነው። ሁለቱም የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው፤ ከቀሩት ብዙዎቹ በከተማ አስተዳደር በጀት ይኖራሉ። በሕዝብ ገንዘብ የሚኖሩ ክለቦች እንደ ግል ነጋዴ ተሰብስበው ዋጋ ይወስናሉ፤ ሲጠየቁ ግን «እኛ ስፖርት ነን» ይላሉ። ከሁለት አንዱን ይምረጡ! የውድድር ጉዳይ የሚመለከተው ባለሥልጣንም በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። ሚኒስቴሩ ከስኳርና ከዘይት ዋጋ ቀና ብሎ ወደዚህ ቢመለከት ምናለ?

አሜሪካኖቹ ከፍሎሪዳ ስቴት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ አራቱን ቦታ ወደ 12 አሳደጉት። መራጩ ግን ያው ኮሚቴ ነው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም። እኛም የቡድን ቁጥር ስንጨምርና ስንቀንስ ከርመናል፤ የሚያስፈልገን ግን ሌላ ነው፦ የመውጫና የመግቢያ ደንብ የመጀመሪያው ፊሽካ ሳይነፋ ይታተም፤ ከክለቦቹ ውጭ የሆነ ይግባኝ ሰሚ ይኑር፤ የደመወዝ ደንብ ተጫዋቾች በተወከሉበት ድርድር ይውጣ፤ ሜዳውን ያጣ ክለብ ከአስተናጋጅነቱ ገቢ ድርሻ ያግኝ። አንዱም ስታዲየም መገንባትን አይጠይቅም።

ተማሪዬ ሆይ፣ መልሴ ይህ ነው፦ በአሜሪካ ስቀን የነበረው በራሳችን ላይ ነው።

ቸር እንሰንብት።