አምባዛና የመስተዋት ቤቱ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቡሬ የተመለስን ተማሪዎች ከአንድ ጓደኛችን ቤት ለቡና ተጠርተን ነበር። ከሳሎኑ ጥግ ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱና ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ሣጥን ቆሟል፤ በውስጡም አንድ አምባዛ ተጋድሟል። ተጋድሟል ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የዓሣው ቁመት ከሣጥኑ ወርድ ስለሚበልጥ፣ ለመዞር በፈለገ ቁጥር እንደ ቀለበት መታጠፍ ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህ መዋኘቱን ከተወ ቆይቷል።

የጓደኛችን እናት ቡናውን እየቀዱ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይኸ ፍጡር መዞሪያ እንኳ የለው፤ ምን በድሎ ነው የታሠረው?» ሲሉ ጠየቁን። ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያን ዕለት የቀረብንን መልስ ለመስጠት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ጓደኛችን ከሁለት ዓመት በፊት በብር ወንዝ ዳር ከሚያጠምዱ ልጆች ጣት የምታህል አምባዛ ገዛ። ጢሟን እያወዛወዘች ስትሽከረከር ለዓይን ደስ ትል ነበርና እንግዳው ሁሉ አደነቃት። በመጀመሪያው ዓመት ከስንዝር አለፈች፤ አብረዋት የነበሩትንም ሦስት ቆሮሶዎች አንድ በአንድ ዋጠቻቸው። በሁለተኛው ዓመት ክንድ ስትሞላ «እርሷ» መባሏ ቀርቶ «እርሱ» ተባለች።

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንጂ የዓሣ ሊቃውንት አይደለንም። ሆኖም መጽሐፍ መግለጥ የተማሪ ሁሉ ግዴታ ነውና ገለጥን። ሊቃውንቱ ክላሪያስ ጋሪፒነስ የሚሉት ይህ ዓሣ ስሙን ያገኘው በደቡብ አፍሪካ ካለው ከጋሪፕ ወንዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1822 በጽሑፍ ያስታወቀው ዊልያም በርቸል የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ነው። ከዚያ አንሥቶ እስከ ዓባይና እስከ ጣና ድረስ ይኖራል። ሲያድግ ከአንድ ሜትር ተኩል ሊያልፍ፣ እስከ 60 ኪሎም ሊመዝን ይችላል። ውሃው ሞቆ ምግቡ ከበቃው በአንድ ዓመት ኪሎ ይደርሳል፤ ዓሣ አርቢዎች የሚወዱትም ስለዚሁ ነው። ቡሬ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ብርዱ ዕድገቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ጓደኛችን ግን መከራከሪያ አላጣም። «ካልተመቸው ለምን አልሞተም? መብራት ሲጠፋ የውሃው ማጣሪያ ይቆማል፤ ሌላ ዓሣ ቢሆን ያልቅ ነበር፤ እርሱ ግን ምንም አልሆነ» አለን።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አምባዛ ዓሣ ሁሉ ከሚተነፍስበት ስንጥብ ሌላ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበተነ ተጨማሪ የመተንፈሻ አካል አለው። በዚህም ከውሃው ብቅ እያለ አየር ይስባል፤ ወንዙ ሲጎድል በጭቃ ውስጥ ይቆያል፤ በዝናብ ሌሊትም በክንፎቹ እየተደገፈ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው በደረቅ ምድር ይሳባል። ተፈጥሮ ይህን ችሎታ የሰጠው ክፉውን በጋ እንዲያልፍበት ነው እንጂ፣ ዕድሜውን በሙሉ ከራሱ ኩስ ጋር በ160 ሊትር ውሃ እንዲገፋበት አይደለም። እንዲያውም አንድ ሌሊት ክዳኑን ገፍቶ ወጥቶ፣ ጧት ከወንበር ሥር አቧራ ለብሶ በሕይወት ተገኝቷል። ጓደኛችን ይህን የጥንካሬው ምስክር አድርጎ ነገረን፤ ለእኛ ግን አቤቱታ መስሎ ታየን።

መቻል መመቸት አይደለም። ስላልጮኸ ደስ ብሎታል፣ ስላልሞተ ተስማምቶታል ማለት በዓሣ ላይ ብቻ የሚሠራ ስሕተት አለመሆኑን፣ ስምንት ሆነው በአንዲት ክፍል የሚያድሩ አንባቢዎቻችን ሳንነግራቸው ያውቁታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቤተሰቡ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ኦሪት ከልክሎታል ብለው ስለማይቀምሱ ወደ ድስት አይገባም። ጓደኛችን በመጨረሻ «ባሕር ዳር ወስጄ ጣና እለቅቀዋለሁ» አለ። ሐሳቡ የርኅራኄ ቢመስልም እኛ አጥብቀን ተቃወምነው። አምባዛ በጣናም መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛውን ወንዝ ዓሦች ከላይኛው ሐይቅ ዓሦች ለይቶ ያቆየ የተፈጥሮ ግንብ ነው። ከዚያ ግንብ በላይ፣ ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ። ሁለት ዓመት በቆሻሻ ውሃ የከረመውን የብር ወንዝ ዓሣ በአውቶቡስ አሳፍሮ ግንቡን ማሻገር፣ የያዘውን በሽታ ሁሉ አብሮ ማሻገር ሊሆን ይችላል። ወደ መጣበት ወንዝ ቢመለስም ሥጋቱ ያው ነው።

ስለዚህ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ለመስኖ ውሃ ያቆሩ፣ ኩሬያቸውም ከወንዝ የራቀ አንድ ገበሬ ዘመዳችንን ለመንን። እርሳቸውም እየሳቁ ተቀበሉን፤ አምባዛው አሁን እዚያ ነው። ሲለቀቅ ከኩሬው ዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ከሄደ በኋላ ከዓይናችን ተሰወረ።

ዓሣ በቤት ማኖርን አንነቅፍም። ሕፃናት ፍጥረትን በቅርብ ቢያዩ መልካም ነው። መስተዋት ያለው ሰው ዕድሜውን በሙሉ ከጣት የማይበልጥ ዓሣ ይያዝ፤ አምባዛ የሚወድ ደግሞ ኩሬ ይቆፍር። ከመግዛት በፊት መለካት የሚገባው የዛሬው ዓሣ ሳይሆን የከርሞው ነው።

ለእናታችንም መልሳችን ይኸው ነው፦ እማማ፣ እርሱ ምንም አልበደለም። ጣት ሳለ ያየነው እኛ፣ ክንድ ሲሆን የት እንደሚዞር ሳንጠይቅ አመጣነው።